በሦስት ሐኪሞች የተፈረመ

አሰብ ላይ አሥራ ምናምን ዓመት ትራንዚተር ሆኜ ስሠራ አንድም ቀን ሕግ አንብቤ አላውቅም። ሰው ግን የሕግ አዋቂ ይለኝ ነበር፤ እኔም አላስተባበልኩም። ትራንዚተር ማለት የሌላውን ሰው ዕቃ ከመርከብ ተቀብሎ፣ ወረቀቱን ከመስኮት መስኮት እያዞረ፣ ዕቃው መኪና ላይ እስኪጫን የሚንከራተት ሰው ነው። ሥራው እግርና ምላስ ይፈልጋል። እግሬ ያኔም ደህና አልነበረም።

የማወራው ኤርትራ ራሷን ከቻለች በኋላ፣ ጦርነቱ ሳይመጣ በፊት ስለነበሩት ዓመታት ነው። ወደቡ የነሱ፣ ዕቃው የኛ። ሁለቱ መንግሥታት የተፈራረሙት ወፍራም ሰነድ አለ ሲባል እንሰማ ነበር፤ ያየው ሰው ግን አላጋጠመኝም። እኛን የሚያስተዳድረን ጠዋት ጠዋት ከመስኮት ጀርባ የሚነገረን ነገር ነበር። ሹሙ አንገቱን ብቅ ያደርግና «ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ሆኗል» ይላል። ማን አለ ስትለው፣ «ከላይ»። ደብዳቤ አለው ወይ ስትለው፣ «በቃል ነው የተነገረን»። እስከ መቼ ስትለው፣ «ለጊዜው ነው»። ለጊዜው የተባለው ዓመት ይቆያል፤ ለዘለቄታው የተባለው ሐሙስ ሳይደርስ ይቀራል። በድሮ ጊዜ አዋጅ ሲወጣ ነጋሪት ይጎሰም ነበር፤ ነገሩን ባትወደው እንኳ ያወጣውን ሰው ታውቀዋለህ። የኛ መመሪያ እንደ ጉንፋን ነበር። ከማን እንደያዘህ ሳታውቅ ታስነጥሳለህ።

እኔ በዚህ ነገር ላይ ክብሬን ሠራሁበት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ፣ ካምፖ ሱዳን በሚባለው ሰፈር ከአንድ የወሎ ነጋዴ ሱቅ በር ላይ ሽርጤን አገልድሜ እቀመጣለሁ። ሰው እየመጣ ይጠይቀኛል።

«ጋሼ፣ ያገለገለ ፍሪጅ ይዞ መውጣት ይቻላል?»

«ከማክሰኞ ወዲህ አይቻልም።»

«ለምን?»

«ተብሏል።»

እንዲህ ስል የሚሰማኝን ደስታ ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። ደመወዝ የማይከፈለው፣ ሹመት ያልተሰጠው፣ በሽርጥ የሚቀመጥ ሚኒስትር ነበርኩ።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። ለአገር መውጫ ወረቀት የሚሰጥ አንድ ቢሮ ነበር። አሰብ የሚኖር፣ መታወቂያው ግን የኢትዮጵያ የሆነ እንደኔ ያለ ሰው አውሮፕላን ለመሳፈር ከዚያ ቢሮ ወረቀት ማውጣት ነበረበት። መስኮቱ ላይ የሚሠራው ጸሐፊ ደግ ሰው ነው። አንድ ቀን ለደንበኛዬ ጉዳይ ስሄድ ድምፁ ተዘግቶ አገኘሁት። በዚያ ሙቀት፣ ማራገቢያው እንኳ በማይዞርበት ክፍል፣ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ሲደጋግም ውሏል፤ ለሕክምና የምትወጡ ከሆስፒታል ወረቀት አምጡ፣ ለሕክምና የምትወጡ ከሆስፒታል ወረቀት አምጡ። የሞላሁትን ቅጽ ተቀበለኝና አየት አደረገው።

«አቦይ፣ ጽሕፈትዎ የታተመ ይመስላል» አለኝ በዚያች በሞተች ድምፁ። «እስቲ ይቺን ነገር በአማርኛ ይጻፉልኝና ልለጥፋት። ጉሮሮዬ አለቀ።»

ጽሕፈትዎ ያምራል የሚለኝ ሰው ካለ ቤቴን እለቅለታለሁ። ድክመቴ ነው። ንጹሕ ወረቀት ተቀብዬ፣ ባንኮኒው ላይ ተደፍቼ፣ ፊደሉን እንደ ዳዊት ጸሐፊ እያሳመርኩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ማስታወቂያ። ለሕክምና ከአገር ለመውጣት የሚያመለክት ማንኛውም ሰው የሕመሙን ሁኔታ የሚገልጽ፣ ከሆስፒታል የተሰጠና በሦስት ሐኪሞች የተፈረመ ማስረጃ ማቅረብ ይኖርበታል።»

ሦስቱን ሐኪሞች የጨመርኩት እኔ ነኝ። ጸሐፊው እንዲህ አላለኝም፤ ማንም አላለኝም። ቀደም ባለው ዘመን ቢሮ ስሠራ፣ ረጅም የሕመም ፈቃድ የሚጠይቅ የመንግሥት ሠራተኛ የሐኪሞች ቦርድ ወረቀት ያመጣ ነበር፤ የቦርድ ወረቀት ደግሞ ሦስት ሐኪም ይፈርምበታል። ከብዙ መጻፍ የተነሣ ሐረጉ እጄ ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ ራሱ መጣ። ደግሞም ያለሱ ዓረፍተ ነገሩ ራቁቱን የቆመ መሰለኝ። በአሰብ ሆስፒታል ያኔ የነበሩት ሐኪሞች ሁለት ናቸው። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። የጻፈው ግን እጄ ነው፤ ጭንቅላቴ ሌላ ቦታ ነበር፣ «ጽሕፈትዎ የታተመ ይመስላል» የሚለውን ቃል እያጣጣመ።

ጸሐፊው አነበበው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ በፕላስተር ለጠፈው። ቁጥር የለው፣ ቀን የለው፣ ማኅተም የለው፣ ፊርማ የለው። ሰዎች ተሰብስበው ማንበብ ጀመሩ። አንዱ፣ «አሁን ገና ወግ ያለው ቢሮ ሆነ» አለ። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ጸሐፊው በመስኮቱ ላይ እስካለ ድረስ ችግር አልመጣም። ሊል የፈለገውን ያውቃል፤ አንድ ፊርማ ያለበትን ወረቀት እየተቀበለ ያሳልፋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። በቦታው የመጣው ወጣት ከወረቀቱ ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረውም። ሰው መመለስ ጀመረ። ተመላሾቹ ወደኔ ይመጡና ሱቁ በር ላይ «ጋሼ፣ ሦስት ሐኪም ከየት እናምጣ?» ይሉኛል። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ «ሦስት ካልሞላ አይሆንም፤ ተብሏል» እላቸው ነበር። ያለው እኔ መሆኔን ረስቼዋለሁ ብል ማን ያምነኛል? ግን እውነቴን ነው። መስኮት ላይ የተለጠፈ ነገር ሲቆይ የጻፈውም ሰው ያምንበታል።

ከዚያ በኋላ የባለቤቴ ዓይን ታመመ።

መጀመሪያ መብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና ይታየኛል አለችኝ። «እድለኛ ነሽ፣ እኔ መብራቱ ራሱ አይታየኝም» ብዬ ቀለድኩ። ከዚያ ራስ ምታት መጣ፣ ከዚያ ማስመለስ። ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። ከሁለቱ ሐኪሞች አንደኛው፣ እንቅልፍ የጠገበ የማይመስል ሰው፣ ረጅም ጊዜ አያትና ወደኔ ዞረ።

«የዓይኗ ግፊት በጣም ከፍ ብሏል። ግራው ተጎድቷል። ቀኙ ገና ነው። ዛሬ ነገ ሳይሉ አዲስ አበባ ይውሰዷት፤ እኛ መሣሪያው የለንም።»

«ብንዘገይስ?»

«ሁለቱም ይጠፋሉ።»

የዓይን ጠብታና አንድ ደብዳቤ ሰጠን። በሩ ላይ ስንደርስ ባለቤቴ፣ «በጭነት መኪና እንሂድ» አለችኝ። «ነገ የሚወጣ ሾፌር አይጠፋም።»

«አይሆንም። ድንበሩ ላይ፣ ቡሬ ኬላ ይመልሱሻል። መውጫ ወረቀት የሌለው ሰው አያልፍም።»

«ማን አለ?»

«ተብሏል አልኩሽ እኮ።»

 ሠላሳ ዓመት አብራኝ ስትኖር የማምናት በሌላው ነገር ሁሉ ነበር፤ በቢሮ ነገር ግን እኔ አዋቂ ነኝ፤ እሷም ይህን ተቀብላለች።

በማግስቱ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ወጣቱ ሹም ከሜዳ የመጣ የቀድሞ ታጋይ፣ ቀጥ ያለ፣ ጉቦ ቢያሸት የሚያባርር ሰው ነው። ጨዋ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ከክፉ ሰው ጋር መጨቃጨቅ ይቻላል። ደብዳቤውን አነበበና መለሰልኝ።

«አቦይ፣ ፊርማው አንድ ነው። ሁለት ይቀራል።»

«ሆስፒታሉ ያለው ሁለት ሐኪም ነው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። እኔም አሞኝ የታከምኩት እዚያ ነው።»

«ታዲያ ሦስተኛው ከየት ይምጣ?»

ጣቱን ወደ ወረቀቱ ቀሰረ። «እሱ ነው የሚለው። እኔ አይደለሁም።»

ዞሬ አየሁት። ፀሐይ ትንሽ አገርጥታዋለች። ፊደሎቼ ግን እንዳማረባቸው ናቸው። ያኔ ነው የማን እጅ እንደሆነ ትዝ ያለኝ።

«ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ፈገግ አለ። «አቦይ፣ በዚህ መስኮት ብዙ ነገር ሰምቻለሁ። ይሄ አዲስ ነው።»

«እውነቴን ነው። ብዕር ስጠኝና አጠገቡ ልጻፍልህ፣ ጽሕፈቱን አመሳክረው። ሦስት የሚለውን ከራሴ ነው የጨመርኩት።»

«ማን ፈቀደልዎት?»

«ማንም።»

«እንዲያ ከሆነ እርስዎ የጻፉት ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም። ጸሐፊ የታዘዘውን ነው የሚጽፈው።»

«ማኅተም እንኳ የለውም እኮ።»

«ማኅተም ቢኖረው ማንን እንደምጠይቅ አውቅ ነበር» አለኝ እያዘነልኝ። «ስመጣ ተለጥፎ አገኘሁት። እኔ ያልለጠፍኩትን እኔ አላነሣም። ግን ከላይ እጠይቅልዎታለሁ።»

የሚገርመው ጠየቀልኝ። በአራተኛው ቀን መልሱ በስልክ መጣ፤ በነባሩ መመሪያ ይሠራ ተባለ። እስከዚያ ቀን ድረስ የኔ ጽሕፈት ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከላይ የመጣ ሆነ።

ቤታችን ከፍ ካለ ቦታ ላይ ስለነበር ከደጃፉ የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ግራ ዓይኗን በመዳፏ ትሸፍንና በቀኙ ትቆጥራቸዋለች። እኔ ሻይ ይዤ አጠገቧ እቆማለሁ፣ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ አባት።

«ስንት?»

«አምስት።»

በሌላው ቀን «አምስት መሰሉኝ» አለች። ከዚያ «አራት፣ አምስተኛው ጭስ ነው»። ከዚያ ቀስ በቀስ መጠየቁን ተውኩ። እሷ ግን ሳልጠይቃት ትነግረኝ ነበር፤ ማወቅ አለብህ እንደማለት።

ሁለተኛው ሐኪም ፈረመ። የመጀመሪያውን፣ «በግራ እጅህ ደግመህ ብትፈርም ሌላ ሰው አይመስልም?» አልኩት። አልሳቀም። «ይልቅ ቢሮው ይህን መመሪያ በደብዳቤ ይላክልን፤ ሁለት ሐኪም ብቻ እንዳለን በደብዳቤ እንመልሳለን» አለኝ። ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ሹሙ አሰበበት። «ደብዳቤ ከጻፍን የመመሪያው ቁጥር ይጠየቃል» አለ። «ቁጥር የለውም።» እውነቱን ነው። አዋጅ ቢሆን ቁጥሩ ተጠቅሶ ይከሰሳል፣ ይሻሻላል፣ ይሻራል። ይሄ የኔ ወረቀት ግን አባት አልነበረውም፤ ማን ይቅበረው?

መርከብ ላይ ሐኪም አይጠፋም አሉኝና ወደቡን ዞርኩት። አንድ መርከብ ላይ ቁስል የሚያክመው ወጥ ቤቱ ሆኖ ተገኘ። ከአስመራ በየጊዜው የሚመጣ ሐኪም አለ ተባለ፤ ሐሙስ ይመጣል። ሐሙስ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሄጄ የወረዱትን ሰዎች አንድ በአንድ ፊት ፊታቸውን አየሁ። ሐኪም የሚመስል ሰው ሁሉ ነጋዴ ሆነ። በሚቀጥለው ሐሙስ ነፋሱ አውሮፕላኑን አስቀረው።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ሰው ሳይበዛ፣ ቢሮው ገብቼ ወረቀቱን ቀደድኩት። ምን ነካኝ? ከሥሩ ቢጠፋ ሰው የሚረሳው መስሎኝ ነበር። ዘበኛው እጄን ያዘኝ። እኩለ ቀን ድረስ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ ወንጀሌ የመንግሥት ሰነድ ማበላሸት። በራሴ ጽሕፈት፣ ራሴ ፈልስፌ፣ ራሴ ቀድጄ ታሰርኩ። ከኔ ሌላ እንዲህ የተሟላ ሞኝ አሰብ አልነበራትም። ሹሙ በሽምግልናዬ ለቀቀኝ። በማግስቱ ስመለስ ግን ማስታወቂያው በታይፕ ተጽፎ፣ በትግርኛ፣ በዓረብኛና በአማርኛ፣ አዲስ ተለጥፏል። የተቀደደውን ገጣጥመው ነው የገለበጡት። በሦስቱም ቋንቋ ሐኪሞቹ ሦስት ናቸው።

የዚያን ዕለት ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሳለቅስ ያየኝ አንድ ሾፌር ነው፤ ዕቃ ስጭንለት የኖርኩ የደሴ ሰው፣ ሆዱ ከመሪው ጋር የሚታገል። አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ፣ ምነው? ሰው ሞተ?»

ነገርኩት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማኝና ግራ በመጋባት አየኝ።

«ምን ዓይነት ሦስት ሐኪም ነው?»

«መመሪያው ነዋ።»

«የት?»

«እዚህ፣ ቢሮው።»

«እኔ በወር ሦስት ጊዜ ቡሬን አልፋለሁ። ባለፈው አንዲት ነፍሰ ጡር ጭኜ አሳልፌያለሁ። የሆስፒታል ወረቀት ያዩና አይዞሽ ብለው ይለቃሉ። ሦስት ሐኪም ሲባል ገና ካንተ መስማቴ ነው።»

«አይመልሱም?»

«እስቲ የመለሱትን ሰው ጥራልኝ።»

አንድም ሰው መጥራት አልቻልኩም። ኬላ ላይ ይመልሳሉ ያለኝን ሰውም ማስታወስ አልቻልኩም። ምናልባት እሱም እኔ ነበርኩ።

በማለዳ ጋቢናው ውስጥ በመሀላችን አስቀመጥናት። ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጣል አድርጋ፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች። ከአሰብ እስከ ኬላው ያለው መንገድ ረጅም አይደለም፤ ለጫነ መኪና እንኳ ከቁርስ እስከ ምሳ አያደርስም። አሥራ ዘጠኝ ቀን የጠበቅነው ነገር ያን ያህል ይርቅ ነበር። ኬላው ላይ አንድ ወታደር በኔ በኩል ብቅ አለ። የመጀመሪያውን ሐኪም ደብዳቤ ሰጠሁት፣ አንድ ፊርማ ያለበትን። አነበበው። እጁን አሻግሮ ነጠላዋን ገለጥ አድርጎ ዓይኗን አየ።

«አደይ፣ አይዞሽ፣ ይማርሽ» አለና ለሾፌሩ እጁን አወዛወዘ።

እኔ ሽማግሌው አፌን ልከፍት ነበር። ሦስት ፊርማ አያስፈልግም ወይ ብዬ ልጠይቀው። ባለቤቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ ምልክቱ ሳምንት ቆየ። ሾፌሩ ማርሽ አስገባና፣ «ጋሼ፣ አንተን ኬላ ላይ ትተንህ ብንሄድ ይሻላል፤ አንተ እያለህ ሕግ አይጠፋም» አለ። እሷ ትንሽ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። በረሃውን እያየሁ ቀኖቹን ወደ ኋላ እቆጥር ነበር። በመጀመሪያው ቀን፣ በሆስፒታሉ በር ላይ፣ በመኪና እንሂድ ብላኝ ነበር።

አዲስ አበባ የመረመራት ሐኪም ሴት ናት። መነጽሯን አውልቃ ጠየቀችን።

«ከጀመራት ስንት ጊዜ ሆናት?»

«ሦስት ሳምንት አልፏታል» አልኩ።

«ምን ስትጠብቁ ነበር?»

ምን ልበላት? መመሪያ ብላት የት ነው ያለው ትለኛለች። ማን አወጣው ትለኛለች። የባለቤቴን ነጠላ አስተካከልኩ። እሷም መልስ አልጠበቀችም፤ እንዲህ ነጠላ የሚያስተካክል ባል ብዙ ታያለች መሰል። ግራው አብቅቶለታል አለች። ቀኙን ዛሬውኑ እንቀደዋለን፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ የቀረው ብርሃን ይተርፍ ይሆናል፤ የጠፋው ግን አይመለስም።

ተረፈ። ጎዳና የሚያሻግር ሳይሆን፣ ሰው መግባቱንና መውጣቱን የሚያስታውቅ ያህል ተረፈ።

ከሆስፒታሉ በወጣንበት ቀን መተላለፊያው ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ አስቀመጥኳትና ነገርኳት። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሦስት የሚለው የኔ እንደሆነ፣ ማንም እንዳላዘዘኝ። ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች። 

«ለምን ሦስት?» አለችኝ። «ለምን ሁለት አላልክም?»

«ሁለት ሲባል አይሞላም። ለጆሮ አይጥምም።»

ይህች ሴት በኔ ስትስቅ ነው የኖረችው። ስወድቅ ትስቃለች፣ ስኮራ ትስቃለች፣ ስዋሽ ከሁሉ የበለጠ ትስቃለች። እንድትስቅ ጠበቅኩ። አልሳቀችም። ተነሥታ እጇን ዘርግታ አየሩን ፈለገች፤ ትከሻዬን ስታገኝ ጨበጠችው።

«ቅደም» አለችኝ። «ደረጃ ካለ ንገረኝ። ያለውን ብቻ ንገረኝ፤ ከራስህ አትጨምር።»

በሩ ላይ ደረስን። ቆሜ ቆጠርኳቸው፤ እንዳልሳሳት ደግሜ ቆጠርኳቸው።

«አራት ነው» አልኳት።

እግሯን ቀስ ብላ ወደ መጀመሪያው አወረደች።